ማሞቂያ የሌላት መኪና

ሰኞ፣ 2

ነርሷ የአባዬን ጫማ ስታወልቅለት የቀኝ እግሩ ካልሲ ርሶ ተገኘ። "አባባ፣ ምን ውስጥ ገብተው ነው?" አለችው። አባዬ የት እንደሚረግጥ አያይም፤ ስኳር ዓይኑን ከወሰደው ሁለት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ወደ እኔ ዞረች። ዝናብ ነው አልኳት። ውጭ ጠብታ አልነበረም።

ሥራው የመኪናዬ ነው። ከሱ መቀመጫ ፊት ያለውን ምንጣፍ በመዳፌ ብጫነው አረንጓዴ ውሃ አመነጨ። ጣት ላይ ያዳልጣል፤ ሽታው የቀለጠ ከረሜላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የፊት መስታወቱ እንደ መታጠቢያ ቤት መስታወት ሲደበዝዝ የከረመውም ለካ በዚህ ነው። በጨርቅ ባሸሁት ቁጥር ቅባት የጠገበ ይመስል ይብስበታል።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አባዬን ወደ ኩላሊት እጥበት አመላልሳለሁ። አርባ ደቂቃ መሄጃ፣ አርባ ደቂቃ መመለሻ። ብርዱ ገና መግባቱ ነው። መኪናይቱም ለመታመም ቀን ስታማርጥ ቆይታ ይህን አገኘች።

ማክሰኞ፣ 3

ከሥራ በፊት ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩን በልቤ "ፕሮፌሰሩ" እለዋለሁ፤ አንድ ብሎን ከመንካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ስለሚያስተምር። አረንጓዴውን ውሃ በጣቱ ነክቶ ቀመሰው። ለመርዝ ልዩ ፍቅር ያለው ሰው ነው።

"ሂተሩ ነው፣ እህቴ" አለኝ። "ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። የሞተሩ ፍል ውሃ በሷ ሲያልፍ ነው ሙቀት የምታገኙት። ተበስታለች።"

"ቀይራታ።"

"ዳሽቦርዱ በሙሉ ይወርዳል። መሪው ይፈታል። ዕቃው ደግሞ እዚህ የለም፣ መታዘዝ አለበት።"

"ስንት ቀን?"

"ዕቃው ከመጣ አንድ ሳምንት። ካልመጣ እንግዲህ…"

ትከሻውን ሰበቀ። "ካልመጣ" ብሎ የጀመረውን ሲጨርስ ሰምቼው አላውቅም። አምና ለሁለት ቀን ብሎ የወሰዳትን መኪና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው የመለሰልኝ፤ ያውም መቀመጫው ላይ የሱ ምሳ የነካካው ጋዜጣ ተነጥፎ። አሥራ ሁለት ቀን ማለት አምስት እጥበት ነው። አባዬን በምን ላመላልሰው፣ በትምህርቱ?

አመስግኜው ወጣሁ።

ረቡዕ፣ 4

መስታወት። ጨርቅ። መስኮት ከፍቼ፣ አንገቴን አውጥቼ ነዳሁ። ጆሮዬ ደነዘዘ። አባዬ "ነፋስ ገባ" አለ። ገባ፣ አዎ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። ሩጫ ወደ ማተሚያ ቤት፣ የማርመው የሳይንስ መጽሐፍ ሐሙስ ይፈለጋል።

ዓርብ፣ 6

ታናሽ ወንድሜ ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀን። እዚህ ደብተር ውስጥ "ክቡርነታቸው" ነው የምለው፤ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ቁርስ መብላቱን እንኳ እንደ መግለጫ ነው የሚናገረው። አዲሷ መኪናው ሞተሯ ጠፍቶ እንኳ ትሞቃለች። መቀመጫዋም ይሞቃል። የሰውን መቀመጫ የሚያሞቅ ፋብሪካ ምን ያህል ሥራ እንደፈታ አስቡት።

"እትዬ፣ ቢያንስ ረቡዕና ዓርብን እኔ ልያዝ" አለ።

"ተይዘዋል" አልኩት።

"ሥራ እየቀረሽ እኮ ነው። መኪናሽም…"

"መኪናዬ ምን ሆነች?"

የደበዘዘውን መስታወቷን አየ። ዝም ማለት ያውቅበታል። እናታችን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ስትማቅቅ ከሌላ ከተማ በስልክ ያስታመመ ሰው ነው። "አንቺ አለሽ አይደል፣ እትዬ" ይል ነበር። አለሁ። ያኔም ነበርኩ፣ አሁንም አለሁ። ለቀብር መጥቶ ከሁሉ በላይ ያለቀሰውም እሱ ነው።

ተነጋግረን እስክንጨርስ አባዬ በወንድሜ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ና ስለው ለመውረድ ዘገየ። እግሩ እሺ እያለው አይደለም ሰሞኑን።

እሑድ፣ 8

ዛሬ በኩራት ነው የምጽፈው፤ የቀኝ እጄ ሦስት አንጓዎች ተልጠዋል፣ ጽሑፌም የሕፃን ነው የሚመስለው።

ትናንት ለአባዬ ስለ ምንጣፉ ነገርኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ካልሲው ሲርስ ምን እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ አውቆ ኖሯል። "እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት" አለ። ከዚያ "እንለፋት" አለኝ።

"ማንን?"

"ማሞቂያዋን። ከሞተሩ ወደሷ የሚሄደውን ቱቦና ከሷ የሚመለሰውን ነቅለሽ ሁለቱን እርስ በርስ ታጋጥሚያቸዋለሽ። ውሃው እሷን ሳይረግጥ ዞሮ ይመለሳል። እኔ ተራራ መሀል ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።"

ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ወንበር አውጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት፣ ብርድ ልብስ ደርቤ። ኮፈኑን ከፈትኩ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ነጥብና ሠረዝ የማርም ሰው ነኝ፤ ሞተር አይቼ አላውቅም። የተዝረከረከ ነገር ነው። በእኔ እጅ ቢሆን ግማሹን እሰርዘው ነበር።

"ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ሆነው የብረቱ ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ፤ በአንቺ መቀመጫና በሞተሩ መሀል ያለው ግድግዳ። አገኘሻቸው?"

"አባዬ፣ እዚህ ሃያ ቱቦ አለ።"

"ሃያ የለም። አውራ ጣትሽን የሚያህሉት ሁለት ናቸው። ዓይንሽን ተይው፣ በእጅሽ ፈልጊ።"

በእጄ ፈለግኩ። አገኘኋቸው። ማሰሪያ ቀለበታቸው ዝጓል፤ በፒንሳ ይዤ ስጠመዝዝ ፒንሳው አመለጠኝና እጄ ከብረቱ ጋር ተላተመ። የተናገርኩትን አልጽፈውም። አባዬ ሳቀ። "ይኼን ቃል ከማን ሰማሽው?" "ካንተ" አልኩት። እውነቴን ነው። እኔም ሳቅኩ።

ቱቦዎቹ ሲነቀሉ አረንጓዴው ውሃ ከታች ባስቀመጥኩት ሳፋ ውስጥ ተንዶለዶለ። የቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን ቆርጦ በሰጠኝ አጭር የመዳብ ቱቦ ሁለቱን አፍ ለአፍ አጋጠምኳቸው፣ በሁለት አዲስ ማሰሪያ ቀለበት ጠፍሬ በካቻቢቴ አጠበቅኩ። የጎደለውን አረንጓዴ ውሃ፣ ኩላንቱን፣ ሞላሁ። አባዬ "ክዳኗን ክፍት አድርገሽ አስነሻት፣ አየሩ ይውጣ" አለ። አረፋ እየደፈቀች ቆይታ ተረጋጋች።

ሩብ ሰዓት ሳይሆን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ቢሆንም ምንጣፉ ላይ ጠብታ የለም። ፕሮፌሰሩ መሪ ሊፈታ ነበር።

አባዬ ከወንበሩ ሲነሳ ክንዴን ይዞ፣ "እንግዲህ ሙቀት የላትም። ለጊዜው ነው፣ ልጄ" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት። ሞተሩን ሳዳምጥ ቃሉን ሁሉ አልያዝኩትም።

ሰኞ፣ 9

ግማሽ መንገድ ላይ አባዬ "ድምጿ ደረቀ፣ አቁሚ" አለኝ።

"የሙቀቱ መርፌ መሀል ላይ ነው" አልኩ።

"መርፌውን ተይው። አቁሚ።"

አቆምኩ፣ ለእርጅናው ይሁን ብዬ። ሞተሩን ሳጠፋ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እየተንፏፏ ወጣ። አንደኛዋ ማሰሪያ ላልታ ኩላንቱ መንገዱን ሁሉ እየተንጠባጠበ መጥቷል። ሁለት ኪሎ ሜትር ብጨምር ኖሮ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር።

አንድ ጎረምሳ መኪናውን አጠገባችን አቁሞ በስልኩ ቀረጸን። ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። "ልረዳችሁ ነበር" አለ። በስልኩ ሊሆን ይችላል።

እስክትቀዘቅዝ ጠብቀን፣ አጥብቄ፣ ከጀሪካን ውሃ ሞልቼ ደረስን። ዘግይተናል። በአራት ሰዓት ፈንታ ሦስት ሰዓት ብቻ ታጠበ፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ሰው አለና። ነርሷ "ለዛሬ ይሁን፣ እንዳይደገም" አለች። የመናገር መብት አላት፤ የአነጋገሯን ለዛ ግን ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ማሰሪያዋን ያጠበቀው ማነው? ፕሮፌሰሩን ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ምክንያት ጠፋ።

ረቡዕ፣ 11

ጠብታ የለም። መርፌው ቀጥ። ምንጣፉ እየደረቀ ነው።

ብርድ ግን እንደ ጉድ ነው። አባዬ ከእጥበት ሲወጣ ለወትሮም ገላው በረዶ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ኮፍያ፣ በጉልበቱ ላይ ሙቅ ውሃ የሞላሁበት ጠርሙስ። "በረደህ?" አልኩት። "ኧረ ምንም" አለ። ጥርሱ ግን ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ከመንገዱ ጉድጓድ ነው፣ መኪናዋ ትነቀነቃለች።

ዓርብ፣ 13

መስታወቱ አሁን ቅባት የለውም፣ ግን ከትንፋሻችን ይደበዝዛል። የሚያደርቀው ሞቃት አየር የለምና። እኔ በግራ እጄ ከፊቴ አብሳለሁ፣ አባዬ ደግሞ በሱ በኩል። ማየት የማይችል ሰው መስታወት ይጠርጋል፤ ያውም በጥራት፣ ማዕዘኑን ሳይቀር። "ጠራ?" ይለኛል። "ጠራ" እለዋለሁ።

ክቡርነታቸው ደወሉ። አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ 17

ጉድ ሆንኩ። የሳይንስ መጽሐፉን ገጾች እኔ አልፌያቸው ለማተም ሊሄዱ ሲሉ ገጽ አቀናባሪው ስህተት አገኘ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት፤ "ውሃ በ10 ዲግሪ ይፈላል።" ዜሮ ጠፍታለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ቆመ። "ይኼን ያለፍሽው አንቺ ነሽ ወይስ ፊርማሽን የሰረቀ ሰው አለ?" አለኝ። ቀልዶ ነው። እሱ "ምዕራፍ"ን በአልፋው አ ጽፎ ዳይሬክተር የሆነ ሰው ነው። ግን ዛሬ አፌን የምከፍትበት ቀን አልነበረም።

"ዕረፍት ውሰጂ" አለ። "አባትሽን የሚያመላልስ ሌላ ሰው የለም?"

የለም አልኩ።

ሐሙስ፣ 19

አባዬ ሳሎን በስልክ ሲያወራ በኮሪደሩ ሳልፍ ሰማሁት። "አይ፣ አይ፣ አንተ አትንገራት። ትከፋለች። ራሴ እነግራታለሁ" ይላል። ማን ነው ስለው "የድሮ ጓደኛዬ" አለኝ። የድሮ ጓደኞቹ በሙሉ ሞተዋል። ስለ መድኃኒቱ ይሆናል። ክኒን ቀይረውለት ደብቆኝ ይሆናል። ነርሷን እጠይቃታለሁ።

ዓርብ፣ 20

ነርሷን ጠየቅኳት። ክኒን አልተቀየረም። ይልቅ እሷ ጠየቀችኝ፤ "አባባ ሲገቡ ሙቀታቸው ከሚገባው በታች ነው። እጃቸው ስለሚኮማተር የደም ሥራቸውን ለማግኘት እንቸገራለን። ቤታችሁ ይበርዳል?"

"አይበርድም።"

"መኪናው ውስጥስ?"

"ጥሩ መኪና ነው" አልኳት።

ጽፋ ያዘች። ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ፊደሏ የዶሮ ጭረት ነው፣ በግልባጩ ባየው አልነበብ አለኝ።

ሰኞ፣ 23

ቁጭ ብዬ እንደሆነው ልጻፈው፤ አለበለዚያ ነገ በሚመቸኝ መንገድ ነው የማስታውሰው።

ጉም ነበር፣ መስታወቱም ከውስጥ ደብዝዞ ነበር። የክሊኒኩ በር ጋ ስንደርስ በቀስታ ነበር የምሄደው፤ በእግር የሚሄድ ሰው እንኳ ይቀድመናል። በግራ እጄ መስታወት እየጠረግኩ በቀኜ መሪ አዞርኩ። የበሩን ምሰሶ አላየሁትም። ድምፁ ትንሽ ነበር። የፊት መብራቷ ተሰበረ፣ ኮፈኑ ተቆለመመ። ለእኔ ይህን ያህል ነው።

አባዬ ግን መምታታችንን ሊያይ አይችልም። ሰውነቱ ወደ ፊት ሲሄድ እጁን ዘርግቶ ዳሽቦርዱን ተመረኮዘ። የግራ እጁን። መርፌው የሚገባበትን ክንድ።

በዚያ ክንድ ውስጥ ሐኪሞች ሁለት የደም ሥር አጋጥመውለታል፤ ጣት ሲያሳርፉበት ከቆዳው ሥር እንደ ተኛች ድመት ያንኮራፋል። እሱ ከቆመ እጥበት የለም። አዲስ እስኪሠራ ወራት ይፈጃል፣ አባዬ ደግሞ ወራት የለውም። ነርሷ ይህን ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ከባድ አይሸከም፣ አይመታ፣ በዚያ ጎን አይተኛ።

ደግፌው ገባሁ። ክንዱ ክርኑ ጋ ማበጥ ጀምሯል። ነርሷ ክንዱን ተቀበለችኝ። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ክንዱ ላይ አኖረች። አነሳች። ሁለት ጣት ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አኖረች። ዓይኗን ጨፈነች። አባዬ ፊቱን ወደ ጣሪያው አድርጎ "ሞተሩ ይሠራል?" አላት።

"ዝም ይበሉ፣ አባባ።"

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሰዓት ነበረ ግድግዳው ላይ፣ አየሁት፣ አላነበብኩትም።

"አለ" አለች። "ደክሟል፣ ግን አለ።"

መርፌውን ካበጠው ከፍ አድርጋ ሰካች። ከዚያ ነው ዞራ ያየችኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር። "ሻይ ጠጪ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ፊትሽ ገርጥቷል" አለችኝ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜን ማን እንደጠራው አላውቅም። መጣ። ካፖርቱን በአንድ እጁ ብቻ አጥልቆ፣ ሌላውን እያንጠለጠለ። ይቆጣል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ እናታችን፣ ስለ ስልኩ፣ በሙሉ። አልተቆጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ አባዬ፣ "ነገርካት?" አለው።

"ምኑን?" አልኩ።

አባዬ ጭንቅላቱን ወደ እኔ ድምፅ መለሰ። "በርዶኛል፣ ልጄ" አለኝ።

"አሁን?"

"ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ማታ ስገባ እኩለ ሌሊት ድረስ አልሞቅም። እሱ ጋ ደውዬ ልትወስደኝ ትችላለህ ወይ አልኩት። አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን ለእኔ አልነገርክም? ስጠይቅህ ኧረ ምንም ነው የምትለው።"

"ያን ቀን እጅሽ ተልጦ፣ ደስ ብሎሽ ነበር" አለ። "እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አልሰማሁሽም። እንዴት አድርጌ በርዶኛል ልበልሽ?"

ሻዩን ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

ማክሰኞ፣ 24

መኪናዋን ፕሮፌሰሩ ጋ አደረስኩ። ኮፈኑን በጉልበት ከፍቶ የመዳቡን ቱቦ አየና ለረጅም ጊዜ አጎነበሰ።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ።"

"ጎበዝ" አለ። "በበጋ ቢሆን ዓመት ይሄድልሻል። ለብርድ ግን…" ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻውን አወቅኩት።

"ዳሽቦርዱ ይውረድ" አልኩት። "የፈጀውን ይፍጅ።"

ትምህርት ሊጀምር አፉን ከፈተ። ፊቴን አየና ዘጋው። ከሚባለው በላይ ብልህ ነው።

ረቡዕ፣ 25

በክቡርነታቸው መኪና ሄድን። አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እንደ ዕቃ። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ፣ የሎሚ ሽታ አለው ይላል ጽሑፉ፤ ሎሚ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው የሠራው። ወንድሜ ራዲዮውን ይለዋውጣል። ፍሬኑን ሁሌ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። አባዬ ደግሞ "ሞተሯ አይሰማም፣ ድንቅ ነው" ይላል። የእኔ መኪና ትሰማ ነበር፣ ቢያንስ።

ክንዱ ጠቁሯል፣ እብጠቱ ግን ቀንሷል። ከመነሳታችን በፊት ጣቴን አሳርፌ አዳመጥኩ። አለ።

ወንድሜ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ "እትዬ፣ ያኔ መምጣት ነበረብኝ" አለ። ስለ እናታችን ነው። ወንድሜ አስከትሎ ምክንያት ይደረድራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምክንያት ሲያጣ አይቼው አላውቅም። አልደረደረም። "ፈርቼ ነው" ብቻ አለ፣ ፍሬኑንም በሰዓቱ ያዘ።

"መንገዱን እይ" አልኩት።

ከዚያ ምን እንደሆነ አላስታውስም። ስነቃ መኪናዋ ቆማለች፣ ፊት ማንም የለም፣ ጉልበቴ ላይ የወንድሜ ካፖርት ተደርቦልኛል። ሲጋራ ይሸታል። ከተወ ዓመት እንደሆነው ነበር የነገረኝ፣ ውሸታም። ልገባ በሩን ከፈትኩ፤ ብርዱ ፊቴን መታኝና መልሼ ዘጋሁት። አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ። እጥበቱ አልቆ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እስኪወጡ ድረስ ተኛሁ።

ስንመለስ ቤት በር ላይ፣ "ዓርብስ?" አለኝ ወንድሜ።

"ዓርብ ሥራ አለኝ" አልኩት። "አንተ ውሰደው።"

አለቃዬ ሳምንቱን ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶኛል።